ጋዋኑ ሌላ፣ ወረቀቱ ሌላ፦ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በ12ኛ ክፍል ምረቃ ላይ ስላላቸው መብት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በተለይም ከአቃቂ አልፎ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል፣ የ12ኛ ክፍል ምረቃ ከክረምቱ መግቢያ ጋር ይገጥማል። ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ የግቢው መረሬ አፈር ውኃ ጠጥቶ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ የምረቃ ኮሚቴውም በዚያው ሰሞን ድንኳን ይተክላል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይከራያል፣ ከጣውላና ከብረት መድረክ ያስገጥማል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤቴ ልጅ ስትመረቅ በአካባቢያችን ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተገኝቼ ነበር። አብራት የተማረች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ አንዲት ልጅ እንደ ጓደኞቿ ጋዋን ለብሳለች፣ መዋጮዋንም እንደ ጓደኞቿ ከፍላለች፤ ነገር ግን የወንበሯ ጎማ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ተብሎ ከተመራቂዎቹ ረድፍ ተነጥላ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ባለች የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። መድረኩ አምስት ደረጃ ነበረው። ስሟ ሲጠራ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወረቀቷን ይዘው ወደ ጄኔሬተሩ ሄዱ፤ ፎቶ አንሺው ግን መድረኩን ለቆ አልወረደም። እናቷ በስልካቸው በቀዱት ቪዲዮ ላይ የሚሰማው የሞተር ድምፅ እንጂ የልጅቱ ስም አይደለም።

እንዲህ ያለውን ቀን ያሳለፈ ወላጅ፣ ልጄ በምረቃው ላይ ከእኩዮቿ ጋር እኩል መሳተፏ መብቷ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ ሲመቸው የሚውልላት ውለታ ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ መብቷ ነው የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህ መብት «የምረቃ መብት» በሚል ርዕስ በአንድ አዋጅ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ ሳይሆን ከሌሎች መብቶች የሚመነጭ በመሆኑ፣ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይጠይቃል።

በጉዳዩ ላይ የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳሰበው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚምታቱ ነው። አንደኛው ወረቀቱ ነው፤ ይኸውም ትራንስክሪፕቱ፣ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ማስረጃውና የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ሲሆን፣ መመዘኛ ያለውና ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ሥራ የሚያሻግረው እርሱ ነው። ሁለተኛው ሥነ ሥርዓቱ ነው፤ ይኸውም ጋዋኑ፣ የስም ጥሪው፣ የቡድን ፎቶው፣ የትዝታ መጽሔቱ፣ እናት ዶሮ ወጥ ሠርታ ዘመድ አዝማድ የምትጠራበት ቀን ነው። ሥነ ሥርዓቱ ለማንም የትምህርት ደረጃ አይሰጥም፣ ከማንም ላይም አይነሳም። ወረቀቱ የብቃት ጥያቄ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱ የአብሮነት ጥያቄ ነው።

«መስፈርቱን ያላሟላ ተማሪ እንዴት ይመረቃል?» የሚለው ተቃውሞ ከአስተማሪም ከወላጅም አፍ ይሰማል። ይህ ተቃውሞ ግን ከራሳችን ልማድ ጋር እንኳ አይጣጣምም፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤቶቻችን ጋዋን የሚለበሰው የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ከመታወቁ በፊት ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት የ2014 ዓ.ም. ዙር ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በእነዚያ ዓመታት ጋዋን ለብሰው ፎቶ ከተነሱት እጅግ የሚበዙት የማለፊያውን ነጥብ አላመጡም ማለት ነው፤ ሆኖም «ምረቃህ ተሰርዟል፣ ፎቶህን መልስ» የተባለ ተማሪ የለም። ለሌላው ተማሪ ሥነ ሥርዓቱ አሥራ ሁለት ዓመት የተሄደበት መንገድ መታሰቢያ ተደርጎ የሚታይ ከሆነ፣ ለአካል ጉዳተኛው ሲደርስ ወደ ብቃት ማረጋገጫነት የሚለወጥበት ምክንያት አይኖርም።

ይህን የጋዋንና የወረቀት ልዩነት በሕግ አፍረጥርጦ ያስቀመጠ አገር ቢፈለግ አሜሪካ ጥሩ ማሳያ ትሆናለች። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና በኋላ እየተሻሻለ የመጣው የፌዴራል ሕግ፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ለፍላጎታቸው የተስማማ ትምህርት በነፃ እንዲያገኙ መብት ይሰጣቸዋል፤ ይህም እንደየግዛቱ ሕግ ቢለያይም በጥቅሉ እስከ 21 ዓመት ዕድሜ ይዘልቃል። ነገር ግን ተማሪው መደበኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ በተቀበለ ዕለት መብቱ ያበቃል። ከዚህ የተነሳ ቤተሰቦች አጣብቂኝ ውስጥ ይገቡ ነበር፦ ልጁ በ18 ዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር ዲፕሎማ ቢቀበል የሥራ ልምምዱንና የንግግር ሕክምናውን ያጣል፤ ትምህርቱን ልቀጥል ቢል ደግሞ አብረውት ያደጉት ልጆች ሲመረቁ ከዳር ቆሞ ያያል፤ በ21 ዓመቱ ሲመረቅ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ይሰለፋል። የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 «የብሪታኒ ሕግ» በሚል ስም በሚታወቀው ድንጋጌ ይህን ቋጠሮ ፈታው። አራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተከታተለና ገና አገልግሎት የሚያስፈልገው ተማሪ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በሥነ ሥርዓቱ ይሳተፋል፣ የማጠናቀቂያ የምስክር ወረቀትም ይቀበላል፤ ዲፕሎማው ግን ስለሚቆይለት አገልግሎቱ አይቋረጥበትም። ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል።

የእኛ አገር ችግር በመልኩ ይለያል። እዚህ ተማሪው ዲፕሎማ በመቀበሉ የሚያጣው የተደራጀ አገልግሎት እምብዛም ስለሌለ አጣብቂኙ ያ አይደለም። የእኛው የሚጀምረው ከመድረኩ፣ ከአዳራሹ፣ ከድምፅ ማጉያውና «ለእነሱ ለብቻ እናዘጋጅላቸው» ከሚለው ቅን መሰል ሐሳብ ነው።

በሕጉ በኩል መነሻው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑ ስለሚደነግግ፣ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን (ስምምነት) ከኒው ዮርክ የመጣ የምክር ቃል ሳይሆን የአገራችን ሕግ ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከሌሎች ጋር በእኩልነት የአካቶ ትምህርት፣ ማለትም ሳይነጠሉ ከሌላው ተማሪ ጋር አብረው የሚማሩበትን ትምህርት፣ እንዲያገኙ ያዛል። ለምረቃ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ብዙ ሰው የማያነበው አንቀጽ 30 ነው፤ በንዑስ አንቀጽ 5፣ ፊደል መ ላይ፣ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት፣ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ የሚካሄዱትንም ጨምሮ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል ተሳታፊ እንዲሆኑ አገሮች ማረጋገጥ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የትምህርት ቤት ሕይወት ጥቁር ሰሌዳና ፈተና ብቻ እንዳልሆነ ሕጉ ራሱ ያውቃል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳ ይሆናል፤ አካል ጉዳተኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ትምህርት ዘግይተው ስለሚጀምሩ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ 20 ወይም 22 ዓመት የሚሞላቸው አሉና «ሕፃናት» የሚለው ቃል አያካትታቸውም ሊባል ይችላል። ለእነርሱ ግን አንቀጽ 24 እና አድልዎን የሚከለክለው አንቀጽ 5 የዕድሜ ገደብ ሳያደርጉ ይሠራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ውጤት በአጭሩ ሲነገር፣ ትምህርት ቤት ምረቃ እንዲያዘጋጅ የሚያስገድደው ባይኖርም፣ ካዘጋጀ ግን ለሁሉም ተማሪዎቹ ማዘጋጀት አለበት የሚል ነው።

በኮንቬንሽኑ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሆነው ሐሳብ «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚባለው ነው። ትርጉሙ አካል ጉዳተኛው መብቱን ከሌሎች ጋር እኩል እንዲጠቀም የሚያስፈልገውን ተገቢ ለውጥ ማድረግ፣ ለውጡም በአዘጋጁ ላይ ከልክ ያለፈ ሸክም የማይጥል መሆኑ ነው። ይህን ማመቻቸት መንፈግ ራሱ እንደ አድልዎ እንደሚቆጠር አንቀጽ 2 በግልጽ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ «ማንንም አልከለከልንም፣ መምጣት ትችላለች» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። በሩን ክፍት አድርጎ አምስት ደረጃ ከፊቷ ማቆም መከልከል ነው።

መድረኩን እንደ ምሳሌ እንውሰድና በቁጥር እንየው። ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ሲሠራ የተለመደው መለኪያ 1 ለ12 ነው፤ ማለትም መድረኩ አንድ ሜትር ከፍታ ካለው መወጣጫው 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ብዙ ኮሚቴዎች ይህን ሳያውቁ በመጨረሻው ቀን ሁለት ጣውላ አጋድመው ያስቀምጣሉ፤ ሁለት ሜትር ጣውላ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ሲጋደም ግን መወጣጫ ሳይሆን ግድግዳ ነው፤ ለአራት ተሸክመው ካልሆነ በስተቀር አይወጣም። አራት ወንድ ልጆች አንዲትን ተመራቂ ከነወንበሯ ተሸክመው ሲያወጧት ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል፤ እርሷ ግን ጋዋኗ እንዳይገለጥ በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛ ነው የምትወጣው። 12 ሜትር መወጣጫ ለማሠራት ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የሚሻል፣ እጅግም የሚረክስ አማራጭ አለው፤ መድረኩን መተው ነው። ምንጣፍ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ርዕሰ መምህሩ ይወርዳሉ፣ ሁሉም ተማሪ እዚያው እየመጣ ይቀበላል፤ ከኋላ ያለው ወላጅ እንዲያይ ከተፈለገ የወንበሩን አደራደር ግማሽ ክብ ማድረግ ይበቃል። ለጭቃው ደግሞ ከግቢው በር እስከ ምንጣፉ ድረስ አንድ ሲኖትራክ ጠጠር ቀደም ብሎ ማስደፋት፣ ወይም በዓሉን ኮንክሪት በተነጠፈበት የስፖርት ሜዳ ላይ ማድረግ ይቻላል።

ኮሚቴው «ጭቃውን እንሽሽ» ብሎ መሀል ከተማ አዳራሽ ሲከራይ ሌላ ችግር ይመጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ የአዳራሽ ባለቤት «ሊፍቱ ለጊዜው አይሠራም» ሲል ግን ሕጉም ለጊዜው አብሮ የቆመ ይመስላል። ኮሚቴው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አንድ ሰው ሄዶ መግቢያውንና መጸዳጃ ቤቱን በዓይኑ ማየት አለበት። ከዳርቻ ወደ መሀል የሚወስደው አውቶቡስ ላይም ተሽከርካሪ ወንበሩ የሚጫንበት ቦታ መኖሩ አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

አካል ጉዳት ሲባል ሁሉም ሰው ወዲያው ዊልቸር ስለሚታየው ሌሎቹ ይረሳሉ። መስማት የተሳናቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እንደ መካኒሳው ባሉ ልዩ ትምህርት ቤቶች ነው፤ በሰበታ የሚገኘው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትም ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን እስከ 8ኛ ክፍል አስተምሮ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ያሻግራል። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ላይ እነዚህ ተማሪዎች ከሌላው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ምረቃቸውም እዚያው ነው። መስማት ለተሳነው ተመራቂ የበዓሉ ግማሽ ንግግር ነውና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌለ ሦስት ሰዓት ሙሉ አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል። አስተርጓሚው የሚቆመውም ጥግ ላይ ሳይሆን ተናጋሪው አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ነው። የስም ጥሪው በድምፅ ብቻ ከሆነ ተማሪው ጓደኛው በክርኑ እስኪነካው ድረስ ስሙ መጠራቱን አያውቅም፤ ስሙን በትልቅ ወረቀት ጽፎ የሚያነሳ አንድ ልጅ መመደብ ይህን ችግር ይፈታዋል።

ለዓይነ ስውር ተመራቂ የሚያስፈልገው ከበዓሉ በፊት በነበረው ቀን በባዶው ግቢ አንድ ጊዜ መንገዱን መለማመድ፣ የሚመራው ሰው ካስፈለገም ራሱ እንዲመርጥ መጠየቅ ነው፤ ነጭ በትሩን «ለፎቶ አያምርም» ብሎ ከእጁ መውሰድ ነውር ነው። የትዝታ መጽሔቱ በብሬል ባይታተም እንኳ ጽሑፉ በድምፅ ተቀርጾ በስልክ ሊላክለት ይችላል። ሽልማት በሚሰጥበት ጊዜም መለኪያው እንዲታወቅ ያስፈልጋል፤ በብሔራዊ ፈተና ዓይነ ስውራን ሒሳብ ስለማይፈተኑ የማኅበራዊ ሳይንስ ውጤታቸው የሚታሰበው ከ600 ሳይሆን ከ500 ነው፤ የፈተናው ሥርዓት ራሱ ይህን ያህል ካስተካከለ የምረቃ ኮሚቴ ማስተካከል የሚከብደው አይሆንም።

ስለ መድረክ መሪዎችም አንድ ነገር ልበል። አንድ አካል ጉዳተኛ ሲጠራ «ይህ ጀግና ሁሉን አሸንፎ…» ብለው ማይክሮፎኑን የሚያንቀጠቅጡ፣ ከዚያም አልፈው እዚያው ገንዘብ የሚያሰባስቡ አሉ። ልጁ ሳይጠየቅ በጋዋኑ ላይ የአምሳና የመቶ ብር ኖት ይለጠፍበታል። ስሙን እንደ ሌላው ጠርቶ እንደ ሌላው ማለፍ ክብሩን የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ የሚረዳ ሰው ካለ በማግስቱም ቤተሰቡን ያገኛል።

ከሁሉ የሚከብደው በልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ የሚማሩት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ነው። እነዚህ ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለዓመታት ይመላለሳሉ፤ የክፍል ደረጃ ግን ስለማይቆጠርላቸው ጎረቤታቸው 12ኛ ክፍል ሲደርስ እነርሱ አሁንም «ልዩ ክፍል» ናቸው። መጨረሻ ስለሌለው ምረቃም የለውም። አንዳንድ ቦታ በዓመቱ መጨረሻ ፊኛ ተነፍቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ የራሳቸው ዝግጅት ይደረግላቸዋል፤ መምህራኑ የሚደክሙበት፣ ልጆቹም የሚደሰቱበት ነው፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ስለመመረቅ ሲጠየቅ መልስ ሆኖ ሲቀርብ ግን አልቀበለውም። የኢሊኖዩ ሕግ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ለእንዲህ ያለው ተማሪ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ሊሰጥ አይችልም፣ እንዲሰጥም አይጠየቅም፤ አብረውት ግቢውን የረገጡት ልጆች በሚመረቁበት ዓመት ጋዋን አልብሶ፣ የተከታተለውን ትምህርት የሚገልጽ የተሳትፎ ወረቀት ሰጥቶ፣ ስሙን መጥራት ግን ይችላል። በማግስቱ ልጁ ወደ ክፍሉ ቢመለስ የሚፈርስ ነገር የለም።

መብት ግዴታ እንዳልሆነም መታወስ አለበት። የድምፅ ማጉያው ጩኸት የሚያሠቃየው ልጅ ሦስት ሰዓት እንዲቀመጥ አይገደድም፤ ተራው ሲደርስ ገብቶ፣ ተቀብሎ፣ መውጣት ይችላል፤ ለአምስት ደቂቃ ሙዚቃውን ዝቅ ማድረግም ማንንም አይጎዳም። ደጋፊ ይዞ የሚመጣ ተመራቂ ለደጋፊው ተጨማሪ የመግቢያ ካርድ እንዲገዛ መጠየቅ ግን ለአካል ጉዳቱ ክፍያ ማስከፈል ነው።

ጥያቄው በሰኔ ከቀረበ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ኮሚቴው የሚዋቀረውና ውል የሚዋዋለው ቀደም ብሎ በመሆኑ ወላጁ ወይም ተማሪው ራሱ በየካቲት ወይም በመጋቢት የሚያስፈልገውን በስም ጠቅሶ፣ መወጣጫ ወይም አስተርጓሚ ወይም የደጋፊ ካርድ ብሎ፣ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) እና ለልዩ ፍላጎት መምህሩም ግልባጭ ያድርግ። መልስ ካልተገኘ የሚቀጥለው ደረጃ የወረዳው፣ ከዚያም የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። በዳርቻ ለምንኖር ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መንገድ በተሻገሩ ቁጥር አስተዳደሩ ስለሚለወጥ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ሥር ይሁን ወይም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ፣ ማለትም በኦሮሚያ ሥር፣ አስቀድሞ ማረጋገጥ ካልተቻለ አቤቱታው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ምረቃው ያልፋል። ከትምህርት መዋቅሩ ውጪ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የአድልዎ አቤቱታ ይቀበላል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደራዊ በደል ከሆነ የእንባ ጠባቂ ተቋምም ያያል። የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር፣ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽንም ሊማከሩ ይገባል፤ አስተርጓሚ ፍለጋ ላይ ላለ ኮሚቴም ቀዳሚው አድራሻ እነርሱ ናቸው።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን በራስዎ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ማስጻፍ አይርሱ። በቃል «እሺ፣ እናያለን» የተባለ ጥያቄ ድንኳኑ በሚተከልበት ጠዋት የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም።